ሀብት አይጠራም፣ የከሰል ጋዝም አያጣራም፦ ስለ ሳንሴቬሪያ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በባልደረቦቼ መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቶ ደብረ ማርቆስ እኔም ዘንድ ደረሰ። የሚያወሳው አበባ ሻጮች «ስኔክ ፕላንት» ስለሚሉት፣ በመጻሕፍት ሳንሴቬሪያ በሚል ስም ስለሚታወቀው፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ ስለሚቆመው የቤት ውስጥ ተክል ነው። ጸሐፊው ተክሉን ፌንግ ሹይ ከተባለው የቻይናውያን የቤትና የቦታ አቀማመጥ ሥርዓት ጋር አያይዘው የጎጃም ሰው ቤቱን እንዴት እንደሚያሰናዳበት ይመክራሉ። ምክራቸው ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ተክሉ በቻይና ለሺህ ዓመታት ሀብት ሲጠራ የኖረ ነው፤ በቤቱ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ሲቀመጥ ገንዘብ ያመጣል፤ መኝታ ቤት ከገባ ሌሊቱን ኦክስጅን እየሰጠ፣ የከሰሉን ጢስ ሳይቀር እያጣራ ያድራል፤ ጨለማ ጓዳም ይስማማዋል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃ ከጠጣ ሌላ አይፈልግም፤ ከአንድ ቅጠል ያንኑ ተክል ማራባት ይቻላል፤ ያበበ ዕለት ደግሞ ሲሳይ መጣ ማለት ነው።

ላነበብሁት ሁሉ መልስ የመጻፍ ልማድ የለኝም። ይህን ተክል ግን ለ9 ዓመታት በቢሮዬም በቤቴም አሳድጌዋለሁ፤ ገድዬውም አውቃለሁ። ከምክሮቹ አንዱ ደግሞ ተክል ሳይሆን ሰው ሊያስገድል የሚችል ስለሆነ የጽሑፉን ቅደም ተከተል ትቼ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ጸሐፊው በብርድ ወራት ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ ለሚተኛ የደጋ ሰው ይህ ተክል እፎይታ ይሰጠዋል ባይ ናቸው። የደብረ ማርቆስም ሆነ የእንጅባራ ሰው በሐምሌ ብርድ የከሰል ምድጃውን አንሥቶ ወደ መኝታ ክፍል እንደሚያስገባ አልክድም፤ እኔም በዚያው ሙቀት ነው ያደግሁት። ነገር ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል የሚገድለው በጢሱ ሳይሆን ቀለምም ሽታም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተባለው ጋዝ ነው። ጋዙ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰውየው ደረቱን ሞልቶ እየተነፈሰ ሰውነቱ ግን ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ነቅቶ ላለ ሰው ማስጠንቀቂያ ይሆኑት ይሆናል፤ ለተኛ ሰው ግን አይሆኑም። በእኛ አገር ከሰሉ ጢሱ አልቆ ፍም ሲሆን «አሁንስ ጠርቷል» ተብሎ ይገባል፤ ፍሙ ግን ጋዙን ማውጣቱን አላቆመም። በባልዲ ውስጥ የተተከለ አንድ ሳንሴቬሪያ ቀርቶ ክፍሉን የሞላ ተክል ቢደረደር አንድ ምድጃ በሌሊት የሚያወጣውን ጋዝ ሊያስወግድ አይችልም። የሚያዋጣው ከመተኛት በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ ማውጣትና መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ብቻ ነው። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ እንደጻፉት ቢተዉት እንኳ ይህን አንድ አንቀጽ እንዲሰርዙት አጥብቄ እለምናቸዋለሁ።

አየር ያጣራል የሚለው እምነት መነሻ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ፣ ቢል ዎልቨርተን በተባሉ ተመራማሪ መሪነት፣ ሳንሴቬሪያን ጨምሮ የተለያዩ የቤት ውስጥ ተክሎችን በታሸጉ ግልጽ ሣጥኖች ውስጥ አስገብቶ እንደ ቤንዜን (ከመኪናው ነዳጅ ከቤንዚን የተለየ ነው) እና ፎርማልዴሃይድ ያሉ ኬሚካሎችን ምን ያህል እንደሚቀንሱ ፈትኖ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ኬሚካሉ መቀነሱ እውነት ነው። ሣጥን ግን ሣጥን ነው፤ ሰው የሚኖርበት ቤት በሩ ይከፈታል፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከልም ነፋስ ይገባል። በድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ብራያን ከሚንግስና ማይክል ዋሪንግ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሥራ የቀደሙትን ሙከራዎች ሰብስበው ሲያሰሉ፣ ተክሎች አንድ ሕንፃ በተራ የአየር ዝውውር ብቻ የሚያገኘውን ያህል አየር ለማጽዳት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አግኝተዋል። ሦስት በአራት ሜትር ለሆነ መኝታ ቤት ዝቅተኛው ቁጥር እንኳ 120 ተክል ይሆናል ማለት ነው። አልጋውን ማውጣት ሳያስፈልገን አይቀርም።

ሌሊት ኦክስጅን ይሰጣል የተባለውም ከግማሽ እውነት የተወለደ ነው። ሳንሴቬሪያ ከደረቅ ቦታ ተክሎች ጋር የሚጋራው አንድ ጠባይ አለው፤ ውሃው እንዳይተንበት በቀን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ይውልና ሌሊት ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፣ ያስገባውንም በማሊክ አሲድ መልክ አጠራቅሞ ለነገው ብርሃን ያቆየዋል። ኦክስጅን የሚሠራው ግን በብርሃን ነው። ሌሊት ጨለማ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ጥቂት ኦክስጅን ይጠቀማል እንጂ አያመርትም። ጸሐፊው «ሌሊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል» የሚለውን «ሌሊት ኦክስጅን ያወጣል» ብለው የተረዱት ይመስለኛል፤ ስሕተቱን ብዙ ሰው ስለሚደግመው በእርሳቸው ብቻ አልፈርድም።

ወደ አቅጣጫው ልለፍ፤ ጽሑፉ የቆመበት ምሰሶ እርሱ ነውና። ፌንግ ሹይ የሚለው ቃል በቻይንኛ «ነፋስና ውሃ» ማለት ነው። ሥርዓቱ በጥንት ጊዜ ከመቃብር ቦታ መረጣ ጋር በእጅጉ የተሳሰረ ሲሆን፣ ለመኖሪያም ቢሆን የሚመርጠው በስተሰሜን ተራራ የከለለው፣ በስተደቡብ ሜዳና ውሃ ያለው ቦታ ነው። ለሰሜን ቻይና ይህ ብልህነት ነበር። ቤጂንግ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 40 ዲግሪ ገደማ ርቃ ስለምትገኝ በብርዱ ወራት የቀትር ፀሐይ ከአድማሱ 27 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብላ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ቀዝቃዛው ነፋስም የሚመጣው ከሰሜን ነው። ስለዚህ ጀርባውን ለሰሜን፣ ደጁን ለደቡብ የሰጠ ቤት ይሞቃል፣ ማንም አቅጣጫውን በበጎ ቢያስበው አይገርምም።

ደብረ ማርቆስ ያለችው ግን በ10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ላይ ነው። ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ በእኛ ላይ የምታዘነብለው ከሰሜን በኩል ነው፤ ቤጂንግ ይህን በዓመት አንድ ቀን እንኳ አታየውም። በታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ትወርድና በቀትር 56 ዲግሪ ገደማ ላይ ትቆማለች። ጸሐፊው ለሁሉም ቤት ያዘዙት የደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ መስኮት ካለው፣ በታኅሣሥ ጧት በፀሐይ ይሞላል፤ በሰኔ ግን ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ያዘነበለች ሆና ስለምትወጣ ያው መስኮት ብርሃኑ ይሳሳበታል። መስኮት ከሌለው ደግሞ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ በሚጋሩት የከተማችን ቤቶች ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው፣ በበጋም በክረምትም ጨለማ ነው። ተክሉ የሚያውቀው ብርሃኑን ነው፤ ጥጉ ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚነግረው የለም።

በዚያ ላይ የትኛው ደቡብ ምሥራቅ? በፌንግ ሹይ ውስጥ ቢያንስ ሁለት አለካኮች አሉ። ጥንታዊው ወገን አቅጣጫውን በኮምፓስ ይለካል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሊን ዩን የተባሉት መምህር በአሜሪካ ያስፋፉት ሌላው ወገን ግን ኮምፓሱን ትቶ ከቤቱ በር ይነሣል፤ የሀብት ጥግ የሚለውም በበሩ ሲገቡ በስተግራ ያለውን የሩቁን ጥግ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ቀላቅለው በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጠዋቸዋል። እኔ በገዛ ቤቴ ለካሁት። በሬ ወደ ምዕራብ ስለሚከፈት የኮምፓሱ ደቡብ ምሥራቅ ሲገቡ በቀኝ በኩል ይውላል፣ የበሩ የሀብት ጥግ ደግሞ በግራ፣ ሰሜን ምሥራቅ ላይ። በአንደኛው አለካክ ሀብቴ ያለው የጤፉ ጆንያ ከተደገፈበት ግድግዳ ሥር ነው፣ በሁለተኛው ከልጆቹ አልጋ ራስጌ። ለጆንያው አደላለሁ፤ ጤፉን ስላስቀመጥሁበት ብቻ።

ከዚህ የሚብሰው፣ መኝታ ቤት ይግባ የሚለው ምክራቸው ራሱ ከፌንግ ሹይ ጋር መጋጨቱ ነው። ከሥርዓቱ ተከታዮች ብዙዎቹ ሹልና ቀጥ ያለ ቅጠል የሚወጋ መንፈስ አለው ብለው ስለሚያምኑ እንዲህ ያለውን ተክል ከአልጋ አጠገብ አያኖሩም። ጽሑፉ ሥርዓቱን ለመከተል ከተነሣ ሥርዓቱ የሚለውን በሙሉ ሊናገር ይገባ ነበር። (አንድ ጎረቤቴ ነገሩን ሁሉ ባዕድ አምልኮ ነው ብለው ተክሉን ከቤታቸው አስወጥተዋል። በዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ተክሉ ግን በዝናብ ተመትቶ ሳይበሰብስ ወደ እኔ ቤት መጥቷል።)

«በቻይና ለሺህ ዓመታት» ስለተባለው ብዙ አልልም። ሳንሴቬሪያ የምዕራብ አፍሪካ ተክል ነው፤ የትውልድ አገሩ ከናይጄሪያ እስከ ኮንጎ ያለው ምድር ነው። ዴቪድ ፕሬን የተባሉት የዕፅዋት ሊቅ ሳይንሳዊ ስሙን ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1903 ሲሆን፣ በ2017 ደግሞ በዘር ጥናት ምክንያት ድራሴና ወደሚባለው ወገን ተዛውሯል። ስለዚህ የጥንት የቻይና መጻሕፍት ስለዚህ ተክል የሚሉት ነገር ሊኖር አይችልም፤ በሀብት ጥግ ያስቀመጡት የኛው ዘመን ሰዎች ናቸው። ዘመዶቹ የሆኑ ሳንሴቬሪያዎች በእኛው አገር ደረቅ ቆላዎች ሳይተከሉ ይበቅላሉ። ከቅጠላቸው እንደ ቃጫ ያለ ጠንካራ ጭረት ስለሚወጣ እንግሊዞች ወገኑን «የደጋን ጅማት ቃጫ» እስከማለት ደርሰዋል። ከቻይና እንደመጣ እንግዳ ከመቀበል ይልቅ እንደ አፍሪካ ልጅ ብናየው አጠጣጡንም በቀላሉ እንረዳው ነበር።

ጽሑፉ በሳምንት አንድ ጊዜ ይጠጣ ይላል፣ ወሩን ሳይለይ። ይህን ምክር እኔም አንድ ዓመት ተከትዬዋለሁ። በየቅዳሜው ጧት በአንድ ብርጭቆ አጠጣው ነበር። ክረምቱ ገባ፣ ሰኔና ሐምሌ ፀሐይ ሳይታይ አለፉ፣ እኔ ግን ቅዳሜዬን አልተውሁም። ነሐሴ ላይ መካከለኛው ቅጠል ከሥሩ ለስልሶ ስነካው ያለ ምንም ኃይል ተነቅሎ በእጄ ቀረ፤ ሥሩ ቡኒ ውሃ ያዘለ ነበር፣ ሽታው በጎተራ የበሰበሰ ድንች ሽታ። አፈሩን ስገለብጠው ላዩ የደረቀ ቢመስልም ታቹ ጭቃ ነው። የተከልሁበት የቀለም ባልዲ ታቹ አልተበሳም፣ አፈሩም ከእርሻ የመጣ ዋልካ ነበር። ዋልካ ለጤፍ መልካም ነው፤ ለዚህ ተክል ግን ውሃ ይዞ አልለቅም ስለሚል መቃብሩ ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ባልዲው በምስማር አምስት ስድስት ቦታ ይበሳል። አፈሩ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ ወይም ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ጥቂት የበሰለ ፍግ ይሆናል፤ ጠጠሩን እኔ ያገኘሁት በእንጅባራ በኩል ሳልፍ ነው። ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብቼ እርጥበት ከተሰማኝ አላጠጣም። በበጋ ይህ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይሆናል፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ግን ወር ሙሉ ሳላጠጣው የማልፍበት ጊዜ ይበዛል። ተክሉ በቅጠሉና በአግዳሚ ግንዱ ውሃ ስለሚያከማች ለጥም አይሞትም፤ የሚገድለው ርኅራኄያችን ነው።

ጓዳ ይስማማዋል ለሚለው፦ ጓዳ ውስጥ አይሞትም ማለት ጓዳ ይስማማዋል ማለት አይደለም። ብርሃን በሌለበት ወራት ይታገሣል፣ አዲስ ቅጠል ግን አያወጣም፣ ያወጣውም ቀጥኖ ይወድቃል። ከምሥራቅ መስኮት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ቢቀመጥ ከሁሉ ይሻለዋል። የባሕር ዳር ሰው ግን በምዕራብ መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሥር ባያቆመው ይሻላል፤ ቅጠሉ ይነጣና ይቃጠላል።

ጽሑፉ ጨርሶ የረሳው ብርድን ነው፤ ጎጃምን እንደ አንድ አየር ማየታቸውም እዚህ ላይ ይታወቃል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከእኛ ይልቅ ትሞቃለች። ደብረ ማርቆስ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ከኅዳር እስከ ጥር የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ቀኖች አሉ፣ ሳንሴቬሪያ ደግሞ ከዚያ በታች ይጎዳል። ቀን ብርሃን እንዲያገኝ ከብረት መስኮታችን መስተዋት ጋር አስጠግተን የተውነው ተክል ሌሊት በዚያው መስተዋት ይቀዘቅዛል። ጧት ስታዩት የነካው በኩል ውሃ እንደገባበት ቁስል ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ማታ መጋረጃው በተክሉና በመስተዋቱ መካከል እንዲወርድ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ከደጃፍ ላይ ቢቀመጥ ክፉ ዓይን ይመልሳል የተባለውም በዚሁ ይታይ፤ የእንጅባራን ውርጭ የሚያውቅ ሰው ደጃፍ ላይ አያሳድረውም።

ደጃፍ ላይ ሌላም ነገር አለ። በቅጠሉ ውስጥ ሳፖኒን የተባለ ቅመም ስላለ ልጅ ቢያኝከው አፉን ያቃጥለዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ውሻና ድመትንም ያማል። ለሕይወት የሚያሰጋ መርዝ አይደለም፣ ነገር ግን የሚድኽ ልጅ ባለበት ቤት ከመሬት ከፍ ማለት አለበት። ጸሐፊው ቅጠሉ እንዲያበራ ዘይት ይቀባ ማለታቸውን አልቀበልም። በበጋው አቧራ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የኑግ ዘይታችንን ለወጡ እናቆየው፤ ቅጠል ላይ ሲቀባ አቧራ ከመሰብሰብና ቀዳዳውን ከመድፈን በቀር አይጠቅምም።

ስለ ማራባቱ የተነገረው በከፊል ትክክል ነው። አንድ ቅጠል ቆርጦ ለጥቂት ቀን አድርቆ አሸዋ ላይ ቢተክሉት፣ ላይና ታቹ ካልተገለበጠ፣ በወራት ውስጥ ሥር ይሰዳል። ጠርዙ ቢጫ የሆነውን ዓይነት በዚህ መንገድ ያራባ ሰው ግን የሚያገኘው ቢጫ የሌለው አረንጓዴ ተክል ነው። ቢጫው ጠርዝ በአንድ ቅጠል ላይ የተለያዩ ኅብረ ሕዋሳት አብረው በመኖራቸው የሚታይ ስለሆነ በቁራጭ ቅጠል አይተላለፍም። ቢጫውን የሚፈልግ ተክሉን ከነሥሩ ገምሶ ይለይ። ይህን ባለማወቃቸው «ተታለልን» ብለው ከሻጭ ጋር የተጣሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ቅጠሉን የቆረጡት ራሳቸው ሆነው ሳለ።

የቀረው የአበባው ነገር ነው። የእኔው ተክል በ7ኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ ላይ አበበ። መጀመሪያ ያወቅሁት በዓይኔ አልነበረም፤ ማታ ከውጭ ስገባ ሳሎኑ ጣፋጭ ሽታ ይዞ ነበር፣ እናቴም «ሽቶ የደፋው ማነው?» እያለች ልጆቹን ትጠይቃለች። ከቅጠሎቹ መካከል የቆመ ቀጭን ዘንግ፣ በላዩም ነጣ ያሉ ቀጫጭን አበባዎች ነበሩ፤ ጧት ሽታው የለም፣ ማታ ይመለሳል፣ ከአበባዎቹ ሥርም እንደ ማር የሚጣበቅ ጠብታ ይወርዳል። የሚያብበው ሲሳይ ሊመጣ ስላለ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው፣ ዕድሜው ደርሶ፣ ብርሃን አግኝቶ፣ ሥሩም ዕቃውን ሞልቶ ሲጨናነቅ ነው። የእኔውን ዕቃ ልቀይርለት ብዬ ስዞረው የቀለም ባልዲው በአንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ የጣት ውፍረት ያለው ነጭ አግዳሚ ግንድ ወጥቶ ነበር። ባልዲውን በቢላዋ ከፍዬ አራት ቦታ ገመስሁት፤ አንዱ ቢሮዬ ገባ፣ ሁለቱ እዚያው ሳሎን ቀሩ፣ አራተኛውን እኅቴ በካርቶን ይዛው ባሕር ዳር ወሰደችው።